30 የወፍ ሳጥን ዛፍ ላይ መስቀል ይረዳል ወይስ ይጎዳል?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፣ ላይፍ ስካውት ደርሷል፣ አሁን ለኢግል፣ ማለትም ለስካውት የመጨረሻው ከፍተኛ ማዕረግ፣ የሚጠየቀው የአገልግሎት ፕሮጀክት ቀርቶታል። ስላይጎ ክሪክ ፓርክ ውስጥ 30 የብሉበርድ ጎጆ ሳጥን ዛፎቹ ላይ መስቀል ፈልጓል፣ አጠገባቸውም የወፍ መመገቢያ። ባለቤቴ እጁ ጥሩ ስለሆነ ሳጥኖቹን ጋራዥ ውስጥ ሠርቶ ሊሰጠው ነው። ከ100 ሰዓት በታች ከሆነ አይቀበሉትም የሚሉን ሰዎች አሉ። ሀሳቡ እንዴት ነው? ከየት ይጀምር?»

ቁጥሩ በዝቷል፣ ቦታው የብሉበርድ ቦታ አይደለም፣ ሳጥን ዛፍ ላይ አይሰቀልም፣ መመገቢያው ይቅር፣ አባትየውም ከጋራዡ ይውጣ። እንዲህ ስል ግን ሀሳቡ ይጣል ማለቴ አይደለም፣ ከተስተካከለ ለዱር እንስሳ እውነተኛ ጥቅም ካላቸው የኢግል ፕሮጀክቶች አንዱ ነው የሚሆነው።

ከወፏ እንነሳ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ሳጥን የሚሠራው ወፏ ምን እንደጎደላት ሳያውቅ ነው። ብሉበርድ ማለት ያቺ ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ደረቷ ሸክላ የሚመስል ትንሽዬ ወፍ ናት፣ የምትፈለፍለው ቀዳዳ ውስጥ ነው፣ ግን ቀዳዳውን ራሷ መቦርቦር አትችልም፣ ምንቃሯ ለዛ አይሆንም፣ ስለዚህ ግንደ ቆርቁር ቆፍሮ ጥሎት የሄደውን ወይ ደግሞ ዛፉ በስብሶ የተከፈተውን ነው የምትፈልገው። ሰው ደግሞ የደረቀ ዛፍ ባየ ቁጥር ይቆርጣል፣ የድሮውን የእንጨት አጥር ምሰሶ በብረት ቀየረው፣ ቀዳዳ ጠፋ። የተረፈውንም ከአውሮፓ የመጡ ሁለት ወፎች ተሻሙባት፣ የቤት ድንቢጥ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ብሩክሊን ላይ ተለቀቀ፣ ስታርሊንግ በ1890 ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ፣ ሁለቱም አገሩን አጥለቀለቁት። ብሉበርድን መልሶ ያመጣት የሳጥን ዘመቻው ነው፣ እሱም ብዙው ከእናንተ ደጅ ነው የተነሳው፣ በ1978 የሰሜን አሜሪካ ብሉበርድ ማኅበርን ያቋቋመው ላውረንስ ዘሌኒ እዚሁ ሜሪላንድ የሚኖር የግብርና መሥሪያ ቤት ጡረተኛ ባዮኬሚስት ነበር፣ ቤልትስቪል የምርምር ማዕከሉ ግቢ ውስጥ ሳጥን ደርድሮ እየዞረ እየከፈተ ያያቸው ነበር። እየከፈተ ያያቸው ነበር ያልኩትን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ቦታው። ስላይጎ ክሪክን በእግሬ ስንቴ እንደሄድኩበት አላውቅም፣ ደስ የሚል ፓርክ ነው፣ ግን ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ቀጭንና ረጅም ፓርክ ነው፣ አብዛኛው ዛፍ ነው። ብሉበርድ ጫካ አትፈልግም፣ እሷ የምትኖረው አጭር ሣር ያለበት ክፍት ሜዳ ላይ ነው፣ ከፍ ያለ ነገር ላይ ተቀምጣ ሣሩ ውስጥ ፌንጣና ትል አይታ ዘው ብላ ወርዳ ነው የምትበላው። ጫካ ዳር ሳጥን ከሰቀላችሁ የሚገባበት ሀውስ ሬን የሚባለው ሚጢጢ ወፍ ነው፣ እሱ የአገሬው ወፍ ነው፣ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ክፉ አይደለም አልልም ግን፣ የጎረቤቱን እንቁላል በምንቃሩ እየወጋ የሚያበላሽ ነገረኛ ነው። ስለዚህ ልጁ ካርታውን አውጥቶ ካውንቲው ውስጥ ሰፊ ክፍት ሜዳ ያለበትን ፓርክ ይፈልግ፣ ዴርዉድ ያለው የእርሻ ታሪክ ፓርክ አይነቱን ማለቴ ነው። ሜዳው መሀል ሆኖም ከመኪና ማቆሚያ፣ ከፒክኒክ ጠረጴዛና ከሕንጻ ራቅ ማለት አለበት፣ ሰው በበላበት ቦታ ሁሉ ድንቢጥ አለ።

ቁጥሩንም ይሄው ነገር ይወስነዋል። አንድ ጥንድ ብሉበርድ ወደ 100 ያርድ ገደማ ክልሏ ነው፣ ሌላ ብሉበርድ አታስጠጋም፣ 30 ሳጥን እንደ ኮንዶሚኒየም ደርድረሽ 30 ቤተሰብ አታስገቢም። ባዶ የቀረውን የሚሞላው ደግሞ ድንቢጡ ነው።

ዛፍ ላይ ስለመስቀል የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ትሩፕ (የስካውት ቡድን ማለት ነው) 20 ምናምን ሳጥን ሲሰቅል አማካሪ ብለው ጠሩኝ፣ ሁሉም ዛፍ ላይ በሚስማር፣ ፎቶ ተነሳን፣ ፒዛ በላን፣ ተበተንን። ሜይ ላይ እስቲ እንዴት ሆኑ ብዬ ሄጄ የመጀመሪያውን ጎኑን ስከፍት ሳጥኑን ሞልቶ የተጠቀለለ ጥቁር እባብ፣ ሆዱ ሦስት ቦታ አብጧል፣ እሱም እኔን አየኝ እኔም እሱን፣ ቀስ ብዬ ዘጋሁት። ሁለተኛውን ስከፍት አፉ ድረስ በሣር የታጨቀ የድንቢጥ ጎጆ ነው፣ ላባ፣ የከረሜላ ወረቀት፣ የሲጋራ ቁራጭ ሁሉ አለው፣ ላንሳው ብዬ ሳወጣው ከስሩ አንዲት ሴት ብሉበርድ ሞታ ተኝታለች፣ ጭንቅላቷ ተወግቷል። ወንዱ ድንቢጥ እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ ቀዳዳው ውስጥ አግኝቷት ገድሏት ላይዋ ላይ ቤቱን ሠራ። ሳጥኑን ባንሰቅል ኖሮ ያቺ ወፍ እዛ አትገባም ነበር። ከዛ በኋላ ማንም ስካውት መጥቶ ሳጥን ልሰቅል ነው ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ነው የሚከፍተው ብዬ ነው።

መፍትሄው የታወቀ ነው፣ አስቸጋሪም አይደለም። ሳጥኑ ለብቻው በቆመ ለስላሳ የብረት ቱቦ ላይ ይቆማል፣ ቁመቱ ከመሬት 5 ጫማ አካባቢ፣ ከሳጥኑ ስር ደግሞ ባፍል የሚባለው ይገባል፣ ባፍል ማለት የምድጃ ጭስ ማውጫ አይነት የላሜራ ቱቦ ነው፣ ስፋቱ 8 ኢንች ርዝመቱ 2 ጫማ፣ ላዩ የተደፈነ፣ ምሰሶው ላይ ጥብቅ ሳይሆን ላላ ብሎ የሚወዛወዝ። እባቡ ምሰሶውን ይዞ ሲወጣ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ጣሪያው ላይ ይቀራል፣ ራኩንም፣ እጁን እንደ ሰው የሚጠቀም ሌባ ነው እሱ፣ ቱቦውን ማቀፍ አይችልም። ምሰሶውን ለመትከል ፌሮ መሬት ውስጥ ተመትቶ ቱቦው ላዩ ላይ ይጠለቃል፣ ሲሚንቶ አያስፈልግም፣ ግን መሬት ከመመታቱ በፊት 811 ይደወል፣ ፓርክም ቢሆን ከስሩ የጋዝና የመብራት መስመር ሊኖር ይችላል። ባለቤትሽ ሂሳቡን ሲሠራ ምሰሶና ባፍሉ ከሳጥኑ በላይ ሊያወጣ ይችላል፣ አይደንግጥ፣ እሱን ቀንሶ ሳጥን መጨመር ግን የለም።

ሳጥኑ ራሱ፦ ቀዳዳው ክብ፣ ዲያሜትሩ ልክ 1 ኢንች ተኩል፣ እንደዛ ከሆነ ስታርሊንግ አይገባም (ድንቢጥ ይገባል፣ ብሉበርድን አስገብቶ ድንቢጥን የሚከለክል ቀዳዳ የለም፣ አለኝ ብሎ የሚሸጥልሽ ሰው ካለ አትግዢው)። ወለሉ ከ4 እስከ 5 ኢንች በአራቱም ጎን። ከፊት ያቺ የምታምር መቆሚያ እንጨት አትደረግም፣ ብሉበርድ አያስፈልጋትም፣ የምትጠቅመው ለድንቢጥ ነው። እንጨቱ ሴዳር ወይ ኬሚካል ያልተነከረ ፓይን፣ ኮምፔልሳቶ አይደለም፣ ፕሬዠር ትሪትድም አይደለም፣ ውስጡ ቀለም አይቀባም። ከቀዳዳው ስር የውስጥ ግድግዳው በመጋዝ ጫር ጫር ይደረግ፣ ጫጩቶቹ ሲወጡ የሚቆናጠጡት እሱን ነው፣ የተላገ ለስላሳ እንጨት ላይ ተንሸራተው ውስጥ ይቀራሉ። የወለሉ ማዕዘኖች ውሃ እንዲወጣ ይቆረጡ፣ ከጣሪያው ስር አየር የሚገባበት ክፍተት፣ አንድ ጎኑ በአንድ ብሎን የሚከፈት። ይሄ ሁሉ ልጅ በትራፓኖና በእጅ መጋዝ የሚሠራው ነገር ነው። ቴብል ሶው የሚባለው የጠረጴዛ መጋዝ ግን በስካውቲንግ ደንብ ከ18 ዓመት በታች አይነካም፣ ጣውላው ተቆርጦ ይምጣ፣ ወይ አባትየው ይቁረጥ፣ የአባትየው ድርሻ እዛ ላይ ይብቃ።

እና ያ እመለስበታለሁ ያልኩት። ዘሌኒ የሠራው ነገር ሳጥን መስቀል አይደለም፣ ሳጥን መከታተል ነው። በእናንተ አካባቢ ከማርች እስከ ኦገስት ድረስ አንድ ሰው በሳምንት አንዴ እያንዳንዱን ሳጥን ከፍቶ ማየት አለበት፣ አንድ ሳጥን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከፍተሽ ስታዪ ጎጆው ራሱ ማን እንደሆነ ይነግርሻል፣ ቀጭን ሣር ወይ የፓይን ቅጠል ተጠቅልሎ ንጹህ ስኒ የመሰለ ከሆነ ብሉበርድ ናት፣ እንደዛው ሆኖ ነጭ ላባ ከተነጠፈበት ትሪ ስዋሎው የምትባለው ሌላ ወፍ፣ ሞስ የሚባለው ለስላሳ አረንጓዴ ነገርና የእንስሳ ፀጉር ከሆነ ቺካዲ፣ የጭራሮ ክምር ከሆነ ሬን፣ የቆሻሻ ገንዳ ከመሰለ ድንቢጥ። ልጆች ይሄን በአንድ ቅዳሜ ይለምዱታል፣ ከአዋቂም ይበልጣሉ። ሰው የነካው ጎጆ ላይ እናቷ አትመለስም የሚባለው ልክ አይደለም፣ በአጭሩ አይተሽ የምትዘጊው ከሆነ ትመለሳለች፣ ጥንቃቄው ሌላ ነው፣ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ 12 ቀን ካለፋቸው ሳጥኑ አይከፈት፣ ደንግጠው ያለጊዜያቸው ዘለው ይወጣሉ። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ጉብኝት ቀኑ መመዝገብ ያለበት፣ የኮርኔል የወፍ ጥናት ማዕከል ኔስትዎች የሚባል ነጻ መመዝገቢያ አለው፣ ስልክ ላይ ይሠራል፣ መረጃውም ለጥናት ይውላል።

ድንቢጥ ሲገኝ ነው ነገሩ የሚከብደው። ድንቢጥ መጤ ስለሆነ በ1918ቱ የፍልሰተኛ ወፎች ሕግ አይጠበቅም፣ ጎጆውን ማንሳት በዚህ ሕግ አያስጠይቅም፣ የብሉበርድ ወይ የሬን ጎጆ ከነእንቁላሉ ማንሳት ግን የፌዴራል ሕግ መጣስ ነው። ስለዚህ ለይቶ የማያውቅ ልጅ እጁን አያስገባ፣ ፓርኩ የሰየመው አዋቂ ይሥራው፣ ፓርኩ የራሱ መመሪያ ካለው እሱ ይቀድማል። ድንቢጡ እምቢ ካለ ቀዳዳውን መድፈን ወይ ሳጥኑን ወደ ሌላ ቦታ ማዞር ነው። ባዶ ሳጥን ከመጥፎ ሳጥን ይሻላል።

መመገቢያውን ለምን ይቅር እንዳልኩ፣ አንደኛ በየቀኑ የሚሞላው የለም፣ ሁለተኛ ድንቢጥና ራኩን ይጠራል፣ ማለትም ከጎኑ ለሰቀልሽው ሳጥን ጠላት እየጋበዝሽ ነው፣ ሦስተኛ ወፎች ተሰብስበው የሚበሉበት ያልታጠበ ቦታ በሽታ መለዋወጫ ነው። በ2021 ሰመር እዚሁ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ወፎች ዓይናቸው እያበጠ ሲሞቱ ሰዉ መመገቢያውን ሁሉ እንዲያወርድ የተጠየቀው ትዝ ይልሽ ይሆናል።

ወደ ስካውቱ ደንብ ስንመጣ ደግሞ የነገሯችሁ የ100 ሰዓት ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም ግን ደንቡ ውስጥ የለም። ዝቅተኛ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። የሚለካው ልጁ ማቀዱና ሌሎችን መምራቱ ነው፣ ሌሎች ሲባልም ከሱ ውጪ ቢያንስ ሁለት ሰው። አባትየው ጋራዥ ውስጥ 30 ሳጥን ሠርቶ ቢጨርስ ልጁ ምን መራ? ገምጋሚዎቹ ፊት ሲቀርብ የሚጠየቀው ይሄው ነው፣ ማንን አሰማራህ፣ ምን ተበላሸ፣ ምን አደረግክ። ጠማማ የወጣ ሳጥን ቢኖር የ12 ዓመት ልጅ ስለሠራው ከሆነ ጥሩ መልስ ነው፣ ያስተካክሉት።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅደም ተከተል ነው፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ የኛ ልጆች የሚሰናከሉት። ከስካውቲንግ አሜሪካ (ቦይ ስካውት ይባል የነበረው ነው፣ ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ስሙ ተቀይሯል) የኢግል ወርክቡክ ይወርዳል፣ ፕሮፖዛል የሚባለው ክፍል ተሞልቶ ተጠቃሚው ድርጅት፣ ስካውትማስተሩ፣ የትሩፑ ኮሚቴና የስካውቲንግ የአካባቢ ቢሮው (ካውንስሉ ወይ ዲስትሪክቱ) ሁሉም ከፈረሙ በኋላ ነው ሥራ የሚጀመረው። ፊርማ ሳይሟላ የተሠራ ሥራ አይቆጠርም፣ እንጨት ቀድሞ መቁረጥም ሥራ ነው። ገንዘብ ከቤተሰብ፣ ከትሩፑና ከፓርኩ ከመጣ የተለየ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ከሱ ውጪ ከሱቅ፣ ከሬስቶራንት፣ በጎፈንድሚ ከሆነ ግን የገንዘብ ማሰባሰቢያ ማመልከቻ አስቀድሞ ይጸድቃል። 18 ሳይሞላው ደግሞ ማለቅ አለበት፣ 17 ሲሞላኝ እጀምራለሁ የሚል ልጅ አይቻለሁ፣ የፊርማ ወረቀት ይዞ ሲሯሯጥ ነው ልደቱ የደረሰበት።

ፓርኩ ሳጥን አንፈልግም ሊል ይችላል፣ ብዙ ፓርኮች ስንት ስካውት ሰቅሎ የሄደውን የወላለቀ ሳጥን ሲለቅሙ ስለኖሩ ልክ ናቸው። ያኔ ስላይጎ ራሱ የሚፈልገው ሥራ አለ፣ ኢንግሊሽ አይቪ የሚባለው ሐረግ ትላልቆቹን ዛፎች አፍኖ ይገድላል፣ ካውንቲው ዊድ ዋሪየርስ በሚባል ፕሮግራሙ ሰልጥኖ የተመሰከረለት አዋቂ እየመራ ሐረጉ ይነቀላል። ዝም ብሎ ነቀላ ብቻ ግን ለኢግል ተራ ጉልበት ሊባል ይችላል፣ ስለዚህ ልጁ ቦታውን ለክቶ፣ ቡድን ከፋፍሎ፣ በነቀለው ምትክ የአገሬውን ተክል ተክሎ ቢያስረክብ ነው። ሌላው ሌክ ኒድዉድን የመሰለ አሳ የሚጠመድበት ቦታ ላይ የተጣለ ናይለን ክር መሰብሰቢያ ቱቦ ማቆም ነው፣ ያ ክር እግሩ ላይ የተጠመጠመበት ዳክዬ አይቶ የማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለዋል። የሌሊት ወፍ ሳጥን ግን አትሞክሩ፣ ከፍታው ቢያንስ 12 ጫማ፣ ረጅም የፀሐይ ሰዓት፣ ትልቅ ሳጥን ይፈልጋል፣ ሱቅ የሚሸጠው ትንሹ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ይኖራል።

አንድ ሰው የማያስበው አማራጭ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ነው። ደንቡ የሃይማኖት ተቋምን ይፈቅዳል፣ የኛ አብያተ ክርስቲያናት ከከተማ ወጣ ብለው ሰፋፊ ግቢ የገዙ አሉ፣ ሣሩ ሁልጊዜ የታጨደ፣ ዳር ዳሩ ዛፍ፣ ለብሉበርድ እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚፈለገው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየሳምንቱ እሁድ ሰው አለ፣ የክትትሉ ችግር በራሱ ተፈታ ማለት ነው። (ሰንበት ነው የሚል ካለ ሳጥን ከፍቶ ማየት ሥራ አይደለም በሉት።) አገር ቤት በየገዳሙ ዙሪያ ያለውን ደን ጠብቀው ያቆዩት እነማን ሆኑና። ከመኪና ማቆሚያው ግን ራቅ ይበል፣ ድንቢጡ እዛም አለ።

እኔ የምለው ይሄ ነው፦ 30ው ይቅርና 6 ሳጥን፣ በሦስት ጥንድ፣ ጥንዶቹ በ100 ያርድ ተራርቀው፣ የአንዱ ጥንድ ሁለት ሳጥኖች ደግሞ በ15 እና 20 ጫማ መካከል። ትሪ ስዋሎው አንዱን ስትይዝ ሌላ ስዋሎው ስለማታስጠጋ ሁለተኛው ለብሉበርድ ይተርፋል፣ ሁለቱ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። ሁሉም በምሰሶና በባፍል፣ ፊታቸው ወደ ክፍቱ ሜዳ፣ ከፊት ለፊታቸው እስከ 100 ጫማ ድረስ ጫጩቶቹ መጀመሪያ በርረው የሚያርፉበት ዛፍ ቢኖር ጥሩ። ፌብሩዋሪ ሳያልቅ ይቁሙ፣ ወፎቹ ያኔ ቤት መፈለግ ይጀምራሉ። ከፕሮጀክቱ ጋር የሚረከብ አንድ ፋይል ይኑር፣ የሳጥኖቹ ካርታ፣ ቁጥር፣ የጎጆ መለያ ፎቶ፣ የተርብ ጎጆ እንዳይሠራ ጣሪያው ከውስጥ በደረቅ ሳሙና እንደሚታሽ ጭምር (ፍሊት አይረጭም)፣ ከትሩፑም ሁለት ታናናሾች ሰልጥነው ይቀጥሉ፣ እሱ ኮሌጅ ሲሄድ ሳጥኖቹ አብረውት አይሄዱም። ሜዳ የሚገቡት ልጆች ማታ ቤት ሲገቡ መዥገር ይፈተሹ፣ ሁለት የተመዘገቡ አዋቂዎችም ሁሌ አብረው ይኑሩ። እኔ እከታተላለሁ ብሎ በጽሑፍ ቃል የሚሰጥ ሰው ከሌለ ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ ተዉትና ወደ አይቪው ሂዱ፣ እዚህ ላይ አልደራደርም።

የሚጀመረው በአንድ ኢሜል ነው፣ ለፓርኩ የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ፦ ክፍት ሜዳ ላይ 6 ሳጥን ከነባፍሉ ብተክል የሚከታተል ቡድን አላችሁ ወይ፣ ከሌላችሁ ምን ይጎድላችኋል? ኢሜሉን ልጁ ይጻፈው፣ ስህተት ቢኖረውም አታርሚለት፣ አንቺ ሲሲ ላይ ግቢ።